ለአባቴ ሰንጢ የትኛው ብረት ይሻላል?

የአባቴ ሰንጢ የቀንድ እጀታዋ ደህና ነው፤ ስለቷ ግን በሞረድ ብዛት አልቋል። አዲስ ላሠራላት ቁራጭ ፌሮ ይዤ ገፈርሳ አንድ ብረት ሠሪ ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌው አይተው ሳቁ። «ልጄ፣ ይሄ ለኮንክሪት ነው። የመኪና ባሌስትራ አምጣ።»

ነገሩ ካርቦን ነው። ተራ ፌሮ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.3 በመቶ አይበልጥም፤ አግለህ ብትነክረውም ስለት አይይዝም። ባሌስትራ ግን 0.6 በመቶ ገደማ አለው።

ባሌስትራው ከሰል ላይ ሲግል፣ ከቪዲዮ እንደተማርኩት ማግኔት አዘጋጀሁ። እሳቸው ቀለሙን ብቻ አይተው «ደርሷል» አሉ። ሳስጠጋው እውነትም ማግኔቱ አልያዘም! ዘይት ውስጥ ነከሩት፤ ከዚያ በቀስታ መልሰው አሞቁት። ይህቺን ከዘለልክ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል።

«የማይዝገውስ ጋሼ?»

«ለእኔ ከሰል አይመችም።»

እውነታቸውን ነው፤ ከ1,000 ዲግሪ ያለፈ፣ የተመጠነ ሙቀት ይፈልጋል። ባሌስትራ ደግሞ ሎሚ ሲነካው ይጠቁራል፤ ጠርገህ ዘይት ካልቀባኸው ይዝጋል።

አባቴ ሸንኮራ ልጦባት «ይቺስ እኔን ትቀብራለች» አለ። እኔ ግን የማስበው «ቀጥቃጭ» እያልን የምንንቃቸውን ሰዎች ነው። ያ ዓይን ተተኪ ካጣ በየትኛው ቪዲዮ እናገኘዋለን?