ተማሪውን የሚጠብቅ ትምህርት

በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረውና በተለምዶ «ፕላዝማ» የሚባለው የሳተላይት ትምህርት፣ በየአካባቢው ያለውን የመምህራን አቅም ልዩነት ለማጥበብ በበጎ የታሰበ ቢሆንም፣ የኋላ ኋላ በመጡት የበይነ መረብ መሣሪያዎች ላይም ሊደገም የሚችል ብርቱ ጉድለት ነበረበት። በእንግሊዝኛ የሚሰራጨው ትምህርት ጥያቄ አቅርቦ ጥቂት ጊዜ ከሰጠ በኋላ፣ ተማሪው ጽፎ ቢጨርስም ባይጨርስም ወደሚቀጥለው ያልፍ ነበር፤ መምህሩም መግቢያና ማጠቃለያ የሚሰጥበት አጭር ጊዜ ቢኖረውም ስርጭቱን አቁሞ ማስረዳት አይችልም ነበር።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ ደግሞ በከተሞች ወርክሺት በቴሌግራም መላክ ተለመደ። በጭንቅ ጊዜ የተደረገ በመሆኑ የሚነቀፍ ባይሆንም፣ ተማሪው የት ላይ እንደተሳሳተ ተመልክቶ የሚያርመው ሰው እስከሌለ ድረስ ፋይል መላክ ማስተማር ሊባል አይችልም።

ከዚህ የተሻለው መንገድ በሕንድ ዴልሂ ከተማ ተሞክሯል። እዚያ በተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመው ጥናት፣ «ማይንድስፓርክ» የተባለው ሶፍትዌር የእያንዳንዱን ተማሪ ደረጃ መዝኖ፣ ከክፍሉ ትምህርት ብዙ ወደኋላ የቀረውን ካለበት ቦታ ያስጀምረው ነበር። ከትምህርት ሰዓት ውጭ በተዘጋጁ ማዕከላት ከመምህር ድጋፍ ጋር ስለቀረበ፣ ዕድሉ የደረሳቸው ልጆች በአራት ወር ተኩል ውስጥ በሂሳብም በሂንዲ ቋንቋም ካልደረሳቸው በግልጽ በልጠው ተገኝተዋል።

ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አካባቢም ቢሆን መላ አይጠፋም። «ኮሊብሪ» የተባለው ነጻ የመማሪያ ሶፍትዌር አንድ ጊዜ በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ከተጫነ በኋላ፣ ተማሪዎች ያለ ኢንተርኔት በግቢው ዋይፋይ ብቻ ቪዲዮውንና መልመጃውን ማግኘት ይችላሉ። ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ግን ለመምህሩ የተዘጋጀው ገጽ ሲሆን፣ የትኛው ጥያቄ ብዙዎችን እንዳሳሳተና ማን ምን ብሎ እንደመለሰ በዝርዝር ያሳያል። ለምሳሌ ግማሽና ሲሶን ሲደምሩ የላይኛውን ከላይኛው፣ የታችኛውን ከታችኛው ደምረው 2/5 ያሉ ተማሪዎች በርክተው ከታዩ፣ መምህሩ በማግስቱ ምዕራፉን በሙሉ መድገም ሳያስፈልገው ያችኑ ስሕተት ብቻ በሰሌዳ ላይ ያፍታታታል። ይህን ዝርዝር የሚያነብ መምህር ከሌለ የሶፍትዌሩ ግማሽ ጥቅም ባክኖ ይቀራል።

ስለዚህ ታብሌት ለመግዛት መዋጮ የሚያሰባስቡ ወላጆችና ርእሳነ መምህራን፣ ከግዢው አስቀድመው መምህሩ የተማሪዎቹን መልስ የሚመረምርበት ክፍለ ጊዜ በሳምንቱ ፕሮግራም ውስጥ መመደቡን ያረጋግጡ።