ለምግብ ጠረጴዛዎ የትኛው እንጨት ይሻላል?

ከወር ደመወዝ እየተቆጠበ የሚሠራ የምግብ ጠረጴዛ ለብዙ ዓመታት የሚያገለግል የቤት ንብረት ነው። ስለዚህ፣ ውድ አንባቢያችን፣ ለአናጢው ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት ስለ እንጨቱ ጥቂት ማወቅ ይጠቅምዎታል።

በአገራችን ለቤት ዕቃ በብዛት ከሚመረጡት እንጨቶች አንዱ ዋንዛ ነው። ለመላግ አያስቸግርም፤ በሚገባ ከደረቀ እምብዛም አይጣመምም። ዝግባ ለሥራ ገር ቢሆንም ለምስጥና ለነቀዝ ይጋለጣል። ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ሲደርቅ መሰንጠቅና መጣመም ያበዛል።

ይሁን እንጂ ከእንጨቱ ስም ይልቅ ድርቀቱ ይበልጣል። እርጥብ ዋንዛ የተሠራበት ጠረጴዛ ቤት ከገባ በኋላ እየደረቀ ሲሄድ ይኮማተራል፤ መጋጠሚያውም ይከፈታል። ያን ጊዜ የሚጎዳው የቤተሰቡ ገንዘብ ነው። 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት ያለው ጣውላ በጥላ ሥር አየር እያገኘ አንድ ዓመት ያህል ቢከርም መልካም ነው።

ስለሆነም ቫርኒሽ ከመቀባቱ በፊት ጣውላውን በዓይንዎ ይመልከቱ፤ በእጅዎም አንሥተው ይመዝኑት። ከአቻው ይልቅ ከከበደና ሲዳስሱት ከቀዘቀዘ ገና አልደረቀም።

እንጨቱ ከየት እንደመጣም ይጠይቁ። ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ተከልክሎ ነበር። ከአሮጌ አልጋ ወይም ቁም ሣጥን የተገኘ የዋንዛ ጣውላ ካለዎት ግን አይጣሉት፤ ደርቆ የቆየ ነውና አዲስ ዛፍ ሳይቆረጥ ጥሩ ጠረጴዛ ይወጣዋል።