የመረጃ ቋትን ወደ ክላውድ ማሸጋገር፦ ወጪ የሆነው መዝገብ ሳይጎድል ገቢ እንዲሆን

አዲስ አበባ፦ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለዓመታት በየቢሯቸው በሚገኙ ሰርቨሮች ላይ ያከማቹትን መረጃ ወደ ክላውድ የማሸጋገሩ ሥራ የባለሙያዎች ብቻ ሳይሆን የኃላፊዎችም ጉዳይ እየሆነ መጥቷል። በዝውውሩ ሂደት አንድ መዝገብ ቢጎድል ወይም አንድ ስም ቢበላሽ ተጠያቂው መሥሪያ ቤቱ፣ ተጎጂው ደግሞ ባለጉዳዩ ነውና።

በኢትዮጵያ በ1990ዎቹ በወረዳኔት አማካይነት ወረዳዎችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር የማገናኘት ሥራ ተጀምሮ እንደነበር ይታወሳል። በአሁኑ ወቅት ኢትዮ ቴሌኮም የክላውድ አገልግሎት በአገር ውስጥ እያቀረበ ሲሆን፣ በምሥራቃዊ አዲስ አበባ በቦሌ ለሚ በሚገኘው የአይሲቲ ፓርክ ውስጥም እንደ ዊንጉ አፍሪካ እና ራክሲዮ ያሉ ኩባንያዎች የዳታ ማዕከላት ገንብተዋል። በመሆኑም መረጃን ከቢሮ ሰርቨር አውጥቶ ወደ እነዚህ ማዕከላት የማስገባቱ አሠራር በአግባቡ ሊታወቅ ይገባል።

አሠራሩን ለመረዳት በላምበረት አካባቢ ያለ አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤትን በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። ጽሕፈት ቤቱ የነዋሪዎችን ስም በአንድ ሰንጠረዥ፣ የቤት ቁጥርን በሌላ፣ የልደትና የጋብቻ ምዝገባን ደግሞ በሌሎች ሰንጠረዦች ይይዛል እንበል። እነዚህን ሰንጠረዦች የሚያስተሳስራቸው ለእያንዳንዱ ነዋሪ የተሰጠው መለያ ቁጥር ነው። በዚህ ዓይነት የተደራጀ መዝገብ ተዛማጅ የመረጃ ቋት ይባላል። ማይኤስኪውኤል፣ ፖስትግሬስኪውኤል፣ ኦራክል እና የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር በዚህ ረገድ በስፋት የሚሠራባቸው ናቸው።

የመረጃ ቋት ዝውውር ከንብረት አስተዳደር አሠራር ጋር ይመሳሰላል። ንብረት ከአንድ ግምጃ ቤት በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ በሌላው በሞዴል 19 ገቢ እንደሚደረግ ሁሉ፣ የመረጃ ቋትም በቅድሚያ ወደ ፋይል ወጪ ይደረጋል፤ ፋይሉ ይጓጓዛል፤ ከዚያም በአዲሱ ሥፍራ ገቢ ይሆናል። በሦስቱም እርከኖች ርክክቡ ካልተረጋገጠ ጉድለቱ የት እንደደረሰ ማወቅ አይቻልም።

ወጪ የማድረጉ ሥራ የሚከናወነው በአብዛኛው በትእዛዝ መስመር፣ ማለትም በጽሑፍ በሚሰጡ ትእዛዞች ነው። ለፖስትግሬስኪውኤል ፒጂ ደምፕ፣ ለማይኤስኪውኤል ደግሞ ማይኤስኪውኤል ደምፕ የተባሉት መሣሪያዎች ያገለግላሉ። የጽሑፍ ትእዛዝ በመስኮት ላይ አዝራር ከመጫን የሚመረጥበት ምክንያት ትእዛዙን መዝግቦ ማስቀመጥ፣ ያለ ለውጥ መድገም፣ የሥራ ጫና በሌለበት ሌሊት በራሱ እንዲሠራ ማድረግ እና በኋላም ኦዲት ማድረግ ስለሚቻል ነው። ይሁን እንጂ የይለፍ ቃልን በትእዛዙ ውስጥ መጻፍ አይገባም። ቃሉ በኮምፒዩተሩ የትእዛዝ ታሪክ ውስጥ ስለሚቀር በተለየና በተጠበቀ ፋይል ሊያዝ ይገባል።

በሥራ ላይ ያለን የመረጃ ቋት ፋይሎች እንዲሁ መገልበጥ አስተማማኝ አይደለም። ቅጂው እየተወሰደ ሳለ አንድ ሠራተኛ አዲስ ጋብቻ ቢመዘግብ፣ ጋብቻው በአንዱ ሰንጠረዥ ገብቶ የተጋቢው መዝገብ በሌላው ላይ ሊጎድል ይችላል። ፒጂ ደምፕ ሥራውን በጀመረበት ቅጽበት የነበረውን ሁኔታ ጠብቆ ያወጣል። በማይኤስኪውኤል ግን ይህ እንዲሆን አጠቃላይ ቅጂው በአንድ ግብይት ውስጥ እንዲወሰድ በትእዛዙ ላይ መገለጽ አለበት፤ ይህም የሚሠራው ኢኖዲቢ በተባለው የአቀማመጥ ዓይነት ለተያዙ ሰንጠረዦች ነው።

ወጪ የሚሆነው ፋይል ዓይነትም ልዩነት አለው። ሲኤስቪ የተባለው በነጠላ ሰረዝ የተለያየ ጽሑፍ መረጃውን ብቻ የሚይዝ ሲሆን፣ ለሪፖርት ሥራ ይጠቅማል። የኤስኪውኤል ቅጂ ግን ከመረጃው በተጨማሪ የሰንጠረዦቹን ቅርጽና ትስስር ስለሚይዝ ለሙሉ ዝውውር ተመራጭ ነው።

በጉዞው ረገድ ፋይሉ ተጨምቆና ተመስጥሮ በክላውዱ የፋይል ማከማቻ ውስጥ ይቀመጣል፤ የመረጃ ቋት አገልግሎቱም ከዚያ አንብቦ ይጭነዋል። ብዙ ጊዜ ሥራው የሚደናቀፈው አገልግሎቱ ማከማቻውን እንዲያነብ ፈቃድ ስላልተሰጠው ነው። ጊዜውንም አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። 100 ጊጋባይት ፋይል በሴኮንድ 20 ሜጋቢት በሆነ መስመር ያለ መቋረጥ ለመላክ 11 ሰዓት ያህል ይፈጃል። መብራት ወይም ኔትወርክ ቢቋረጥ እንደገና ከመጀመሪያው ላለመነሳት ፋይሉን ከፋፍሎ የሚልክና ከቆመበት የሚቀጥል መሣሪያ መጠቀም ይበጃል።

ገቢ በሚደረግበት ጊዜ የሚያጋጥሙ ችግሮችም አሉ። የፒጂ ደምፕ ቅጂ የተጠቃሚዎችን ስምና የይለፍ ቃል አይዝም፤ እነዚህ ለብቻቸው ሊወጡ ይገባል። በማይኤስኪውኤል ደግሞ በቀድሞው አስተዳዳሪ ስም የተፈጠሩ የውስጥ ትእዛዞች፣ ክላውዱ ለደንበኛው ሙሉ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ስለማይሰጥ፣ ጭነቱን ሊያቆሙት ይችላሉ።

በአማርኛ የተያዙ መዝገቦች ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዚያ በፊትና በኋላም በተለያዩ የፊደል ሶፍትዌሮች የተጻፉ መዝገቦች ዩኒኮድ ባለመሆናቸው ወደ አዲሱ ሥርዓት ሲገቡ ትርጉም አልባ የላቲን ምልክቶች ሆነው ይታያሉ። በዩኒኮድ የተጻፉትም ቢሆኑ በዝውውሩ ወቅት የፊደል ሥርዓቱ ዩቲኤፍ 8 መሆኑ ካልተገለጸ የባለጉዳዩ ስም በጥያቄ ምልክቶች ሊተካ ይችላል። በዚህ መልክ ከተተካ በኋላ ከዋናው ቅጂ በስተቀር ስሙን መልሶ ማግኛ የለም።

በዩቲኤፍ 8 አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ተክለሃይማኖት የሚለው ባለ 8 ፊደል ስም 24 ባይት ይሆናል ማለት ነው። ቦታው በባይት ተለክቶ 20 ብቻ በተፈቀደበት የኦራክል ሰንጠረዥ ውስጥ ይህ ስም አይገባም።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። ጥቅምት 30 እንደ ሁለተኛ ወር 30ኛ ቀን ከተጻፈ፣ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የካቲት 30 ቀን ስለሌለው አዲሱ የመረጃ ቋት አይቀበለውም። ጳጉሜን ደግሞ 13ኛ ወር ናት። ጥብቅ ያልሆነ ማይኤስኪውኤል ስህተቱን ሳያስቆም ቀኑን በዜሮዎች ሊተካው ይችላል። በዚህ ሁኔታ የአንድ ሕፃን የልደት ቀን ማንም ሳያውቅ ይጠፋል።

ቅጂ መውሰድ ብቻውን ዋስትና አለመሆኑን ለማሳየት ጊትላብ በተባለው ኩባንያ ላይ በጥር 31 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. የደረሰው ሁኔታ ይጠቀሳል። አንድ ባለሙያ በስህተት የዋናውን የመረጃ ቋት ፋይሎች ሰረዘ። ኩባንያው በፒጂ ደምፕ በየዕለቱ ይወሰዳል ብሎ የተማመነበት ቅጂ ሲፈለግ ማከማቻው ባዶ ሆኖ ተገኘ። የመሣሪያው ስሪት ከመረጃ ቋቱ ስሪት ጋር ባለመጣጣሙ ሥራው ሲከሽፍ ቆይቷል፤ የማስጠንቀቂያ ኢሜይሎቹም ለባለሙያዎቹ አልደረሱም። ኩባንያው ከ6 ሰዓት በፊት በአጋጣሚ በተወሰደ ሌላ ቅጂ አብዛኛውን መረጃ ቢመልስም የ6 ሰዓቱ ሥራ ሊመለስ አልቻለም።

ስለሆነም ከዝውውሩ በኋላ የእያንዳንዱ ሰንጠረዥ የመዝገብ ብዛት በሁለቱም ወገን ተቆጥሮ ሊመሳከር፣ የተወሰኑ ባለጉዳዮች ፋይልም ተከፍቶ ስማቸውና ቀኑ በዓይን ሊታይ ይገባል። የቀድሞው ሰርቨርም ርክክቡ እስኪረጋገጥ ድረስ መጥፋት የለበትም።

ሌላው ጉዳይ የሕግ ተጠያቂነት ነው። በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ አያያዝንና ከአገር ውጪ የሚደረግ ዝውውርን የሚገዛ ሲሆን፣ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በፍላሽ ዲስክ ወይም በባለሙያ ላፕቶፕ ላይ የቀረ አንድ ቅጂ የነዋሪዎችን ሙሉ መዝገብ የያዘ በመሆኑ፣ ሥራው እንዳለቀ በቃለ ጉባኤ ሊወገድ ይገባል።

በአጠቃላይ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ትእዛዞቹን ራሳቸው እንዲጽፉ አይጠበቅም። ቅጂው ለመጨረሻ ጊዜ በሌላ ሰርቨር ላይ ተጭኖ የተሞከረው መቼ እንደሆነ፣ ቁጥሩን ማን እንዳመሳከረ እና ትርፍ ቅጂዎች የት እንዳሉ ግን ሊጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ሊቀበሉ ይገባል።