የነርሶች የፈቃድ ፈተና፤ ዕውቀትና ማስተዋል

በአማርኛ «ዐወቀ» እና «አስተዋለ» የሚሉት ሁለት ግሦች ጎረቤታሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ትምህርቱን በቃሉ የያዘ ሰው ዐወቀ ይባላል፤ የያዘውን ትምህርት በፊቱ ካለው ነገር ጋራ አገናዝቦ የሚበጀውን የለየ ግን አስተዋለ ይባላል። ቋንቋውን በመማር ላይ ያላችሁ አንባቢዎች ይህን ልዩነት ከመዝገበ ቃላት ይልቅ ከአንድ የነርሶች ፈተና ብትመለከቱት የበለጠ ግልጽ ይሆንላችኋል።

በአሜሪካ አገር በነርስነት ለመሥራት የሚፈልግ ሁሉ፥ እዚያው የተማረም ሆነ ከኢትዮጵያ ዲፕሎማውን ይዞ የሄደ፥ ኤንክሌክስ የተባለውን የፈቃድ ፈተና ማለፍ አለበት። ፈተናው ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኮምፒዩተር ይሰጣል። ኮምፒዩተሩ እንደ ተፈታኙ አመላለስ ጥያቄውን ያከብዳል ወይም ያቀላል፤ የተፈታኙ ችሎታ ከማለፊያው መሥመር በላይ ወይም በታች መሆኑን በመቶ 95 እርግጠኛ እስኪሆን ድረስም ከ85 እስከ 150 ጥያቄ ሊያቀርብ ይችላል። የተወሰነው ጊዜ 5 ሰዓት ነው።

በ2023 እ.ኤ.አ. ግን ፈተናው መልኩን ለወጠ። ለተፈታኙ የአንድ ሕመምተኛ መዝገብ ይቀርብለትና በዚያው መዝገብ ላይ 6 ጥያቄዎች በተከታታይ ይጠየቃል። ይኸውም አሳሳቢውን ምልክት ለይቶ ማየት፥ ምልክቱን መተርጐም፥ ከሚያሠጉት ነገሮች ቀዳሚውን መምረጥ፥ መፍትሔ ማሰብ፥ መሥራት፥ በመጨረሻም የተሠራው ሥራ ጠቅሞ እንደ ሆነ መመዘን ነው። በአንዳንዱ ጥያቄ ላይ የተሳሳተ ምርጫ ከትክክለኛው ላይ ስለሚቀነስ፥ ሁሉንም ምልክት አድርጎ ዕድልን መጠበቅ አያዋጣም።

ነገሩ በምሳሌ ይታይ። አንዲት እናት 4 ኪሎ ከ300 ግራም የሚመዝን ሕፃን ከወለደች 2 ሰዓት ሆኗታል እንበል። በመዝገቧ እንደ ተጻፈው ከመውለዷ በፊት የደም ግፊቷ 146 በ92፥ የልብ ትርታዋም 84 ነበረ። አሁን የደም ግፊቷ 116 በ74፥ ትርታዋ 118 ነው። ከግማሽ ሰዓት በፊት የተለወጠላት የደም መቀበያ ጨርቅ ርሷል። ማኅፀኗ ሲዳሰስ ልል ነው፤ ከእምብርቷም በላይ ወጥቶ ወደ ቀኝ አዘንብሏል። «ሲስተር፥ ምን እንደ ሆነ አላውቅም፤ ፈራሁ» ትላለች።

መጽሐፉን በቃሏ የያዘች ነርስ 116 በ74 የሚለውን ቍጥር አይታ ደኅና ነው ትላለች። ቍጥሩ ለሌላ ሰው በእርግጥ ደኅና ነው። ለዚህች እናት ግን ከነበረችበት መውረድ ነው። በእርግዝና ጊዜ የሰውነት ደም ስለሚበዛ ወላድ ብዙ ደም ፈስሷት እንኳ የደም ግፊቷ ቶሎ ላይወድቅ ይችላል። አስቀድሞ የሚናገረው የልብ ትርታው ነው፤ የእናቲቱ ፍርሀትም እንደ ዋዛ የሚታለፍ ነገር አይደለም። የደም ግፊቱ እስኪወድቅ የምትጠብቅ ነርስ የምታገኘው ጊዜ አጭር ነው።

እንግዲህ ቀድሞ ምን ይደረግ? ከቀረቡት ምርጫዎች መካከል «ከ15 ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ማየት» የሚል ይኖራል፤ «ወጥቶ ሐኪሙን መፈለግ» የሚልም ይኖራል። ሁለተኛው አጓጊ ነው፤ ብዙ ጠንቃቃ ተፈታኝም በእርሱ ይሰናከላል ብዬ እገምታለሁ። ነገር ግን ከወሊድ በኋላ ደም የሚፈስበት ዋናው ምክንያት የማኅፀን አለመኰማተር ስለ ሆነ፥ ነርሷ ከአጠገቧ ሳትለይ ረዳት እየተጣራች በአንድ እጅዋ የማኅፀኑን የታችኛውን ክፍል ደግፋ በሌላው ታሸዋለች። ወደ ቀኝ ማዘንበሉ ደግሞ ፊኛዋ በሽንት መሙላቱን የሚያመለክት ነው፤ የሞላ ፊኛ ማኅፀኑ እንዳይኰማተር ስለሚከለክል ይህም ወዲያው እንዲጐድል ይደረጋል።

ከዚያ በኋላ ስለ መድኃኒት ጥያቄ ይመጣል። ኦክሲቶሲን አንደኛው ነው። ሜተርጂን የሚባለው መድኃኒትም ማኅፀንን ያኰማትራል፤ ይህን የማታውቅ የነርስ ተማሪ የለችም። ዳሩ ግን መድኃኒቱ የደም ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግ ግፊት ላለባት ሴት አይሰጥም። በመጀመሪያው መሥመር የተጻፈውን 146 በ92 የረሳች ተፈታኝ እዚህ ላይ ትወድቃለች። በሆስፒታል ቢሆን ጕዳቱ የእናቲቱ ነበር።

ከአገራችን ሄደው ለዚህ ፈተና የሚዘጋጁ ነርሶች ሌላም ችግር አለባቸው። መድኃኒት ሲጐድል ቤተ ዘመድን ከውጭ ገዝቶ እንዲያመጣ መላክ የለመደች ነርስ ብልሃተኛ ናት፤ ፈተናው ግን የሚያስፈልገው ዕቃ ሁሉ ከአልጋው አጠገብ እንዳለ ይቈጥራል። ብልሃቷን ሳትጥል ለ5 ሰዓት ያህል በዚያ በተሟላ ሆስፒታል ውስጥ እንዳለች ማሰብ ይኖርባታል። በኢትዮጵያም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ የጤና ባለሙያዎች የሙያ ፈቃድ ፈተና ስለሚፈተኑ፥ ይህ የአጠናን ነገር በአገር ውስጥ ላሉትም የሚመለከታቸው ነው። በእኔ አስተያየት ሺህ ጥያቄ ከነመልሱ ከመሸምደድ ይልቅ፥ ምርጫዎቹን በወረቀት ሸፍኖ «በዚህ ሕመምተኛ ላይ የምፈራው ምንድን ነው?» ብሎ አስቀድሞ መጻፍ ይሻላል። ከዚያም የተጣሉት ምርጫዎች ለምን እንደ ተጣሉ ለጓደኛ ማስረዳት ነው።

ወደ ወላዷ እንመለስ። ስድስተኛው ጥያቄ የተሠራው ሥራ መጥቀሙን የሚጠይቅ ነው። ማኅፀኑ ጠንክሯል፤ ወደ መካከሉም ተመልሷል፤ ትርታዋ ወደ 96 ወርዷል። ጨርቁም ይመዘናል፤ ከደረቁ ክብደት በላይ የሆነው እያንዳንዱ ግራም እንደ 1 ሚሊ ሊትር ደም ይቈጠራልና። ነገር ግን ማኅፀኑ ጠንክሮ ሳለ ደማቅ ቀይ ደም በቀስታ መውረዱን ባያቆምስ? ያን ጊዜ የሚጠረጠረው ማኅፀኑ ሳይሆን በወሊድ ጊዜ የተቀደደ ሥጋ ነው፤ ማሸቱም አይጠቅምም። ነርሷ ለሐኪሙ ይህንኑ ታስታውቃለች፤ እርሷም ከአልጋው አጠገብ ሳትለይ ምልክቶቹን እንደ ገና ከመጀመሪያው መመልከት ትጀምራለች።