ሰማያዊው ቀለም ከየት መጣ?

ላብራቶሪያችን ውስጥ ተማሪን የሚያስፈነድቅ ነገር ቢኖር ሰማያዊ ቀለም ነው። ናይትሮጅንን ወደ አሞኒያ እንዲለውጥ የምንፈልገው የካታሊስት (ምላሽ አፋጣኝ) ዱቄት ውሃ ውስጥ ይበጠበጣል፤ ናይትሮጅን እየገባበት ለሰዓታት ብርሃን ይበራበታል። ከዚያ ከውሃው ተቀድቶ መለያ ኬሚካል ሲጨመርበት፣ አሞኒያ ካለው ሰማያዊ ይሆናል። «ዶክተር፣ ሠራ!» ይሉኛል። «በጨለማስ ሞከራችሁት?» እላለሁ።

አሞኒያ የማይገባበት ቀዳዳ የለም። ከትንፋሻችን፣ ከጓንታችን፣ ከክፍሉ አየር ይመጣል። ካታሊስቱ ከናይትሬት ጨው ተሠርቶ ከሆነም ከራሱ ከዱቄቱ ሊወጣ ይችላል። በብርሃን የሚገኘው መጠን ኢምንት ስለሆነ ባዕዱ ከእውነተኛው ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ አንዱን ቱቦ በፎይል ሸፍነን፣ ሌላውን በናይትሮጅን ፈንታ አርጎን አስገብተን እንሞክራለን። የመጨረሻው ዳኛ ከተለመደው በአንድ ኒውትሮን የሚከብደው ናይትሮጅን-15 ነው፤ ውድ ነው፣ እሱም አስቀድሞ መጣራት አለበት። ይህን ጋዝ አስገብተን አሞኒያው ውስጥ ካጣነው፣ ያ ሰማያዊ ቀለም ካስገባነው ናይትሮጅን የመጣ አይደለም።

ጥብቅ የምሆነው በብርሃን አሞኒያ መሥራትን አጥብቄ ስለምመኘው ነው። የማዳበሪያ ጥሬ ዕቃ የሆነው የዛሬው አሞኒያ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሙቀትና ከ100 ከባቢ አየር በላይ ግፊት ይፈልጋል፤ ሃይድሮጅኑም በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ይወጣል። በ2014 ዓ.ም. ጋዝ ሲወደድ ማዳበሪያም ናረ፤ ዕዳው የጎጃምና የአርሲ ገበሬ ጫንቃ ላይ አረፈ።

ሃይድሮጅኑ ብቻውን ይቀላል። ተመራማሪዎቹ ፉጂሺማና ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1972 ብርሃን ውሃን እንዲሰነጥቅ ያደረጉት የግድግዳ ቀለምን በሚያነጣው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነበር። ችግሩ፣ ይህ ማዕድን የሚቀበለው አልትራቫዮሌቱን ብቻ ነው፤ እሱም ከፀሐይ ብርሃን 5 በመቶ ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ በሆነ ሙከራ፣ ጃፓን ውስጥ በሌላ ካታሊስት የተሠራ 100 ካሬ ሜትር ፓኔል ሃይድሮጅን ሲያመርት፣ ከፍተኛው ውጤታማነት 0.76 በመቶ ነበር። የተለመደው የፀሐይ ፓኔል ግን 20 በመቶ ያህሉን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል።

ስለዚህ ምርምሩን ሳልተው፣ ለዛሬ የምመክረው የፀሐይ ፓኔልንና ውሃን በኤሌክትሪክ የሚሰነጥቅ፣ በኒኬል የሚሠራ ኤሌክትሮላይዘርን ነው። ከዚያ በኋላ ሃይድሮጅኑን ወደ አሞኒያ ለመለወጥ የታወቀው የብረት ካታሊስት ይበቃል። መንገዱ አዲስ አይደለም፤ አስዋን የሚገኘው ኪማ የማዳበሪያ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ ለዓመታት ከአባይ በመነጨ ኤሌክትሪክ ውሃ እየሰነጠቀ ማዳበሪያ አምርቷል።

ገበሬያችን የለመደው ዩሪያ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይፈልጋል። ከሲሚንቶ ፋብሪካ ጭስ እንያዘው ወይስ ወደ አሞኒየም ናይትሬት እንዙር? ይህን ከአፈር ባለሙያዎች ጋር ተቀምጠን፣ የማዳበሪያ ፋብሪካ ከመታቀዱ በፊት መወሰን አለብን።