ዲያሊሲስ የጀመረ ሁሉ ማሽኑ ላይ ይቀራል?

በበጋ የደማምና የኮበር ፀሐይ ምሕረት የለውም። የሳዑዲ ሕግ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሠራትን የከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሙቀቱ ሲበረታ የሰውነት ውኃ ይሟጠጣል፣ ጡንቻ ይጎዳል፤ ከጡንቻው የሚወጣው ነገር በደም ተጉዞ ኩላሊትን በድንገት ሊያቆም ይችላል። የሠራተኛው ሽንት እንደ ወፍራም ሻይ ይጠቁራል፣ ከዚያም ይነጥፋል። ሐኪሙ «ዲያሊሲስ ያስፈልገዋል» ሲል ሀገር ቤት ያለ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ዕድሜ ልኩን ነው ወይ?» ብሎ ነው።

የመልሱ ፍንጭ የታየው በኔዘርላንድስ፣ ካምፐን ከተማ ነው። ዶክተር ቪለም ኮልፍ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሀል የቋሊማ መጠቅለያ ሴሎፎን በሚሽከረከር ከበሮ ላይ ጠምጥሞ ደም የሚያጥብ መሣሪያ ሠራ። የመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች ሁሉም ማለት ይቻላል ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ1945 ግን ራሳቸውን የሳቱ የ67 ዓመት ሴት ለ11 ሰዓታት ያህል ደማቸው ታጥቦ ነቁ። የገዛ ኩላሊታቸው ሥራውን ቀጠለ፤ ለዓመታትም ኖሩ።

ማሽኑ የሚያድን ከሆነ ቶሎ መጀመሩ ይሻላል የሚል እምነት እያደር ሥር ሰደደ። እ.ኤ.አ. በ2016 የፈረንሳይ ሐኪሞች 620 ጽኑ ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። እጥበቱ ከዘገየላቸው ግማሽ ያህሉ ዲያሊሲስ ሳይጀምሩ ቀሩ፤ የሞቱት ቁጥር ግን ቶሎ ከጀመሩት በጉልህ አልበለጠም። በ2020 ደግሞ ካናዳውያን የመሩት፣ በ15 አገሮች 3,000 ያህል ሕሙማንን ያካተተ ጥናት ወጣ። በ90 ቀናት ውስጥ ቶሎ ከጀመሩት 43.9፣ ከጠበቁት 43.7 በመቶ ሞቱ። ያልተጠበቀው ነገር የታየው በሕይወት በተረፉት ላይ ነው፦ ከቶሎ ጀማሪዎቹ 10.4 በመቶ፣ ከጠበቁት ግን 6 በመቶ ብቻ አሁንም ዲያሊሲስ ላይ ነበሩ። አንዱ ማብራሪያ፣ በእጥበቱ ወቅት የደም ግፊት ሲወርድ በማገገም ላይ ያለው ኩላሊት ዳግም ይጎዳል የሚለው ነው።

መጠበቅ ግን ችላ ማለት አይደለም። ፖታሲየም ሲያሻቅብ ወይም ሳንባ ውኃ ሲቋጥር ለነገ አይባልም።

እንግዲህ በድንገት የታመመ ኩላሊት ዲያሊሲስ ስለጀመረ ብቻ ተስፋ አይቆረጥበትም። በካናዳውያኑ ጥናት ቶሎ ጀምረው ከሞት ከተረፉት እንኳ ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ በ90 ቀናት ውስጥ ከማሽኑ ተላቀዋል። ሽንቱ መመለሱን፣ ክሬቲኒኑ (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) መውረዱን በየጊዜው መጠየቅ የቤተሰብ መብት ነው። ከሆስፒታል የወጣ ሰውም ክሬቲኒኑንና የደም ግፊቱን ይከታተል፤ ሐኪም ሳያማክር እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን አይውሰድ።