ብይ ሲነጥር የሚሰማ ስልክ

ስልካችንን ወደ ጎን ስናጋድመው የምናየው ፊልም አብሮ ይዞራል። ይህን ሥራ የሚሠራው አክስለሮሜትር የሚባል ሴንሰር ነው። ውስጡ በቀጫጭን ሞላዎች የተንጠለጠለች ደቃቅ የሲሊከን ቁራጭ አለች። ስልኩ ድንገት ሲንቀሳቀስ ቁራጯ ወደ ኋላ ትቀራለች፤ ከአጠገቧ ካሉት ጥርሶች ጋር ያላት ክፍተት ይጠባል ወይም ይሰፋል፤ ያ ለውጥ በኤሌክትሪክ ተለክቶ ቁጥር ሆኖ ይወጣል። አምራቾች ሴንሰሩን ያስገቡት ስክሪን እንዲያዞር፣ እርምጃ እንዲቆጥር ነው። በጀርመን አኸን ከተማ ያለው የአር ደብሊው ቲ ኤች ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሰዎች ግን ፍላጎታቸው ቁጥሩ ራሱ ነበርና እ.ኤ.አ. በ2016 ፋይፎክስ የተባለ መተግበሪያ አወጡ። በነፃ የሚጫን ነው፣ ማስታወቂያ የለበትም፣ ኮዱም ለማንም ክፍት ነው።

የሴንሰሮችን ቁጥር እንዳለ የሚያሳዩ አፖች ሞልተዋል። ፋይፎክስን የሚለየው አብረውት የሚመጡት ሙከራዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ሰው ቁጭ ብሎ በደንብ እንዳሰበባቸው ያስታውቃሉ። ለምሳሌ አንድ ብይ ሴራሚክ ወለል ላይ ይለቀቃል፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ይነጥራል። ስልኩ ብዩን አያየውም፤ በማይክሮፎኑ ድምፁን ብቻ ይሰማል። በሁለት ቀጭታ መካከል 0.6 ሰከንድ ካለፈ ግማሹ መውጫ፣ ግማሹ መውረጃ ነው። በ0.3 ሰከንድ ውስጥ ደግሞ አንድ ነገር 44 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወድቃል፤ ስለዚህ ብዩ የነጠረው እስከዚያ ከፍታ ነው። በየንጥረቱ ምን ያህል ጉልበት እንደጠፋ፣ መጀመሪያ ከየት ከፍታ እንደተለቀቀ ጭምር መተግበሪያው አስልቶ ያወጣል። ሜትር የያዘ ሰው አላስፈለገም።

ከሁሉም የወደድኩት ግን የድምፅን ፍጥነት የሚለኩበትን ዘዴ ነው። ሁለት ስልኮች አምስት ሜትር ተራርቀው ይቀመጣሉ፤ ሁለቱም ላይ ድምፅ ሲሰማ የሚነሳ፣ ድጋሚ ሲሰማ የሚቆም ሰዓት ተከፍቷል። ከመጀመሪያው ስልክ አጠገብ የቆመው ልጅ ያጨበጭባል። የእሱ ሰዓት ወዲያው ሲነሳ የጓደኛው ድምፁ እስኪደርስ ይዘገያል። ትንሽ ቆይቶ ጓደኛው በተራው ያጨበጭባል፤ አሁን የጓደኛው ሰዓት ወዲያው ይቆምና የመጀመሪያው ይዘገያል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሰዓት ከሁለተኛው የሚበልጠው ድምፅ አምስቱን ሜትር ሄዶ ለመመለስ በሚፈጅበት ጊዜ ልክ ነው፤ 0.029 ሰከንድ ገደማ። አሥር ሜትርን ለዚህ ሲያካፍሉት በሰከንድ 345 ሜትር አካባቢ ይመጣል። የሁለቱን ስልኮች ሰዓት ማመሳሰል እንኳ አላስፈለገም። (አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውጤቱ የሚለይ የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ የድምፅን ፍጥነት የሚቀይረው ግን የአየሩ ሙቀት እንጂ ከፍታው አይደለም።)

ከፍታ የሚገባው የአየር ግፊትን የሚለካው ሴንሰር፣ ባሮሜትሩ ላይ ነው። ባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 1013 ሄክቶፓስካል ገደማ ሲሆን አዲስ አበባ ላይ ወደ 770 ይወርዳል። አንድ ፎቅ ስንወጣ የሚቀንሰው ከአንድ ሄክቶፓስካል ሩብ ብዙም አይበልጥም፤ ስልክ ውስጥ ያለው ባሮሜትር ይህንንም ይለያል። ስልኩን ሊፍት ወለል ላይ አስቀምጦ አሥረኛ ፎቅ መውጣት ነው፤ መብራት ካልጠፋ ከፍታው፣ ፍጥነቱና የፍጥነቱ ለውጥ በሦስት መስመር ይሳላል።

አክስለሮሜትሩ ከእነዚህ ሙከራዎች ውጭም ከባድ ሥራ ተሰጥቶታል፦ የመሬት መንቀጥቀጥን መለየት። የካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ማይሼክ የተባለውን መተግበሪያ ያወጣው በዚያው በ2016 ነበር፤ ጉግል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ተመሳሳይ ሥርዓት በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ጀመረ። አንድ ስልክ ብቻ ቢንቀጠቀጥ ጠረጴዛው ተገፍቶ ይሆናል። በአንድ አካባቢ ያሉ ብዙ ስልኮች በአንዴ ከተንቀጠቀጡ ግን መሬት ነው። ራቅ ያለው ሰው ማስጠንቀቂያ የሚደርሰው መልእክቱ ከመሬቱ ሞገድ ስለሚቀድም ነው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ መሰማቱን የምናስታውስ እናስበው፦ ርቀቱ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ የሚያናውጠው ሞገድ በሰከንድ ሦስት ተኩል ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ይገኛል ማለት ነው። ከፎቅ ለመውረድ አይበቃም፣ ጠረጴዛ ሥር ለመግባት ይበቃል። የጉግል ሥርዓት ግን ይስታል። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ቱርክን የመታውን ርዕደ መሬት አሳንሶ በመገመቱ ከፍተኛው ማስጠንቀቂያ ሊደርሳቸው ይገባ የነበሩ ሚሊዮኖች ሳይደርሳቸው ቀርቷል።

ወደ ፋይፎክስ ስንመለስ፣ ሁሉም ስልክ ሁሉም ሴንሰር የለውም። ረከስ ባሉት ላይ ባሮሜትር ብዙ ጊዜ አይኖርም፤ መዞርን የሚለካው ጋይሮስኮፕም የሌላቸው አሉ። መተግበሪያው ሲከፈት ስልኩ የማይችላቸው ሙከራዎች ደብዝዘው ስለሚታዩ ያገለገለ ስልክ ለሚገዛ ሰው መፈተሻም ይሆናል። ቁጥሩንም እንዳለ ማመን አያስፈልግም፤ ጠረጴዛ ላይ ያለ ምንም እንቅስቃሴ የተቀመጠ ስልክ አዲስ አበባ ላይ የመሬት ስበትን በአክስለሮሜትሩ 9.77 ሜትር በሰከንድ ካሬ አካባቢ ማንበብ ሲገባው 9.6 ወይም 9.9 ሊል ይችላል። መምህሩ የአንዱን ስልክ ሆትስፖት ከፍቶ ውጤቱን በኮምፒውተር ለክፍሉ ማሳየት ይችላል፤ ለዚህ ኢንተርኔት አይጠየቅም፣ የሞባይል ዳታም አይበላም።